ከማህፀንና ተያያዥ አካላት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጡ የኦፒዮይድ ሕመም ማስታገሻዎች፡ ልዩነታቸውና አጠቃቀማቸው

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች መካከል የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። ይህ ሕመም ሳይሰራጭ በጊዜ ሲደረስበት፣ እንዲሁም በማህፀን ግድግዳ፣ በእንቁላል ማመንጫ እጢ ወይም በውጫዊው የመራቢያ አካል ላይ ካንሰር ሲነሳ፣ ቀዶ ሕክምና ከዋና ዋናዎቹ የሕክምና አማራጮች አንዱ ነው። ቀዶ ሕክምናው የተወሰነላት ታካሚና አስታማሚዎቿ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዕጢው፣ ስለ ደም ዝግጅትና ስለ ወጪው ይጠይቃሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመሙ በምን እንደሚታገስ የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይህ መረጃ በሆስፒታሎች የሚሰጡትን የኦፒዮይድ ክፍል ማስታገሻዎች በማነጻጸር፣ ታካሚዋ ከሐኪሟና ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ስትነጋገር የሚያስፈልጋትን እውቀት ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። የመድኃኒት ምርጫና መጠን የሚወሰነው ታካሚዋን በመረመረው ባለሙያ ብቻ ሲሆን፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቁጥሮች ለንጽጽር እንጂ ለራስ ሕክምና የተቀመጡ አይደሉም።

የሕመሙ መጠን እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ይለያያል

ሁሉም የማህፀን ቀዶ ሕክምና አንድ ዓይነት ሕመም አያስከትልም። የእንቁላል ማመንጫ እጢ ካንሰር በሆድ ዕቃ ውስጥ የመሰራጨት ባሕርይ ስላለው፣ ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከእንብርት በታች ተጀምሮ ከእንብርት በላይ የሚዘልቅ ረጅም ቁመታዊ መክፈቻ ይጠይቃል፤ ከፍተኛ ሕመም የሚጠበቀውም በዚህ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላለ የማህፀን በር ካንሰር የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ደግሞ ማህፀኑን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሕብረ ሕዋስ፣ የብልትን የላይኛውን ክፍልና በዳሌ ውስጥ ያሉ የሊምፍ እጢዎችን ስለሚጨምር፣ ከቁስሉ ሕመም በተጨማሪ ጥልቅ የሆነ የዳሌ ውስጥ ሕመምና ቁርጠት ይኖረዋል። በውጫዊው የመራቢያ አካል ላይ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሆድን ባይከፍትም፣ በብሽሽት ላይ በሚኖሩት ቁስሎች ምክንያት መቀመጥና መራመድን አስቸጋሪ ያደርጋል።

በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታገዘ የሚከናወን ቀዶ ሕክምና በሚሰጥባቸው ተቋማት የሚታከሙ ሴቶች በአንጻሩ ሕመማቸው ቀላል ነው። እነዚህ ታካሚዎች ትከሻቸው ላይ በሚሰማቸው ሕመም ሊደናገጡ አይገባም፤ ሆዱን ለመንፋት ከሚገባው ጋዝ የተነሳ የሚመጣና አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ የሚጠፋ ነው።

ሕመምን ችሎ መተኛት ለምን አይመከርም

በማኅበረሰባችን ሕመምን ችሎ ማለፍ እንደ ጥንካሬ ይቆጠራል። «ምጥ የቻለች ሴት ይህን አትችልም ወይ?» የሚል አነጋገር ከአልጋ አጠገብ መስማት የተለመደ ነው። ጥንካሬው የሚደነቅ ቢሆንም የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ሕመም የበረታባት ታካሚ በጥልቀት አትተነፍስም፣ አክታዋን ስላ አታወጣም፤ በዚህም የተነሳ ለሳንባ ምች ትጋለጣለች። ከአልጋ ተነስታ ስለማትንቀሳቀስ በእግሯ የደም ሥሮች ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ካንሰሩ ራሱና በዳሌ ውስጥ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ይህንን አደጋ አስቀድመው ከፍ ስለሚያደርጉት፣ በአልጋ ላይ መቆየት ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደም ለሞት ሊዳርግ ይችላል። በቀጣይ የጨረር ወይም የኬሞቴራፒ ሕክምና የታዘዘላት ሴት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው ቶሎ ካላገገመች ቀጠሮዋ ይራዘማል።

ስለዚህ ባለሙያዎች የሚጠይቁት ጥያቄ «ተኝተሽ ያምሻል?» የሚል ብቻ አይደለም። «ስትስዪ፣ ጎንሽን ስትቀይሪ፣ ስትራመጂስ?» የሚለው ይበልጥ ጠቃሚ ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እንድትገልጽ የተጠየቀች ታካሚ ሐኪሙን ላለማስቸገር ብላ ዝቅ አድርጋ መናገር የለባትም፤ የሚታዘዘው መጠን በዚህ መልስ ላይ ይመሠረታልና።

የኦፒዮይድ ማስታገሻዎች ቦታ

ኦፒዮይዶች በአንጎልና በህብለ ሰረሰር በሚገኙ ተቀባዮች ላይ በመሥራት የሕመም ስሜትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ያደረገው ባለ ሦስት ደረጃ የካንሰር ሕመም መሰላል ከፓራሲታሞል ጀምሮ፣ በኮዴይን በኩል፣ ወደ ሞርፊን የሚወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ መሰላል የተዘጋጀው ቀስ በቀስ እየጨመረ ለሚሄድ የካንሰር ሕመም ነው። የቀዶ ሕክምና ሕመም አካሄዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት እጅግ ከበረታ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። በመሆኑም ሕክምናው ከጠንካራው ጀምሮ ወደ ቀላሉ ይወርዳል።

በዚህ ጉዞ ሁሉ መሠረቱ ኦፒዮይድ አይደለም። ፓራሲታሞልና እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያሉ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች፣ የሚከለክል ምክንያት እስከሌለ ድረስ፣ ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በሰዓታቸው ይሰጣሉ፤ ኦፒዮይዱ በእነሱ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ይገባል። ይህ አሠራር ለሴቶች የካንሰር ቀዶ ሕክምና በወጡ ዓለም አቀፍ የፈጣን ማገገሚያ መመሪያዎችም የሚደገፍ ነው። ታካሚዋ «ለዚህ ሁሉ ሕመም ፓራሲታሞል ምን ያደርጋል?» ብላ ክኒኑን ብትተወው፣ በምትኩ የሚያስፈልጋት የሞርፊን መጠን ይጨምራል፤ ከእርሱም ጋር ማቅለሽለሹና የሆድ ድርቀቱ። የፀረ ብግነት መድኃኒቶች ግን የኩላሊት ችግር፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የመድማት ሥጋት ላለባት ሴት ላይስማሙ ይችላሉ።

ሞርፊን

ሞርፊን የሌሎቹ ሁሉ መለኪያ ነው። በደም ሥር ሲሰጥ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በአፍ ሲወሰድ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ መሥራት ይጀምራል። የሚቆየው በሁለቱም መንገድ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በአፍ የተወሰደው ሞርፊን ወደ ደም ከመድረሱ በፊት ከፊሉ በጉበት ስለሚሰባበር፣ በደም ሥር የተሰጠ 10 ሚሊ ግራም በአፍ ከሚወሰድ 30 ሚሊ ግራም ጋር ይቀራረባል። ከመርፌ ወደ ሽሮፕ ወይም ክኒን የተዛወረች ታካሚ ቁጥሩ ከፍ ማለቱን አይታ «መጠኑ በሦስት እጥፍ ተጨመረብኝ» ብላ እንዳትሰጋ ይህንን ማወቅ ይጠቅማታል።

ሞርፊን የተወሰነ ጣሪያ የለውም፤ ሕመሙ እስኪታገስ በጥንቃቄ እየተጨመረ ሊሰጥ ይችላል። ዋጋውም ከብዙዎቹ አማራጮች ያነሰ ነው። ዋነኛ ድክመቱ ከኩላሊት ጋር የተያያዘ ነው፤ ጉዳዩ ለማህፀን በር ካንሰር ታካሚዎች የተለየ ትርጉም ስላለው ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ሞርፊን በጉበት ከተቀየረ በኋላ የሚገኙት ውጤቶች የሚወገዱት በኩላሊት ነው። ከውጤቶቹ አንዱ ራሱ ሕመም የሚያስታግስና የሚያደነዝዝ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ሲያድግ ደግሞ ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርዱትን ቱቦዎች ሊጫን ወይም ሊዘጋ ይችላል። ቱቦዋ የተዘጋባት ሴት ኩላሊቷ እየተዳከመ መሆኑን ሳታውቀው ልትቆይ ትችላለች። በእንዲህ ዓይነቷ ታካሚ ሰውነት ውስጥ ሞርፊኑ ይከማቻል፤ በመጀመሪያው ቀን የተስማማት መጠን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከልክ በላይ ሊያስተኛትና አተነፋፈሷን ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ የኩላሊት ምርመራ ውጤት ሳይታይ ሞርፊን በተደጋጋሚ መስጠት ተገቢ አይደለም። ኩላሊቷ የተዳከመ ታካሚ መጠኑ ይቀነስላታል፣ የሚሰጥበት ሰዓት ይራራቅላታል፣ ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት ትዛወራለች።

ፔቲዲን

ፔቲዲን ለብዙ ዓመታት በቀዶ ሕክምናና በማዋለጃ ክፍሎች ሲሠራበት የኖረ በመሆኑ ብዙ ታካሚዎች በስሙ ያውቁታል፤ አንዳንዶችም በስሙ ይጠይቁታል። በመርፌ ሲሰጥ ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም የሚሆነው ፔቲዲን ከ10 ሚሊ ግራም ሞርፊን ጋር ይስተካከላል። የሚቆየው ግን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው፤ በየ6 ሰዓቱ የታዘዘላት ሴት ከግማሽ ያላነሰውን ጊዜ በሕመም ታሳልፋለች ማለት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ሌላው ባሕርይው ነው። ፔቲዲን በሰውነት ውስጥ ሲሰባበር ኖርፔቲዲን የተባለ ነርቭን የሚያነሳሳ ንጥረ ነገር ይተዋል። ይህ ንጥረ ነገር ከፔቲዲኑ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሲከማች መቁነጥነጥን፣ የእጅ መንቀጥቀጥንና መንዘፍዘፍን ያስከትላል። ናሎክሶን የተባለው የኦፒዮይድ ማርከሻም አይመልሰውም። በዚህ የተነሳ ፔቲዲን ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይቀጥል፣ ኩላሊቷ ለተዳከመ ታካሚ ደግሞ እንዳይሰጥ ይመከራል። ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ አደገኛ ነው። ሞርፊን ባለበት ቦታ ፔቲዲን የሚመረጥበት ምክንያት ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም ከመጀመሪያ ምርጫነት አውጥተውታል።

ትራማዶልና ኮዴይን

ሁለቱም እንደ «ቀላል» ኦፒዮይድ ይቆጠራሉ፤ ታካሚዎች ከሆስፒታል ሲወጡ ከሚታዘዙላቸው መካከልም ናቸው። ቀላል መባላቸው ግን ብዙዎችን ያሳስታል።

ኮዴይን በራሱ የሚያስታግሰው ሕመም እጅግ ጥቂት ነው። ሥራውን የሚሠራው ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ የተባለ የጉበት ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ትራማዶልም የኦፒዮይድነት ኃይሉን በአብዛኛው የሚያገኘው በዚሁ ኢንዛይም ነው። የዚህ ኢንዛይም መጠን ከሰው ወደ ሰው በዘር ይለያያል፤ በአንዳንድ ሰዎች የለም ለማለት ይቻላል፣ በሌሎች ደግሞ ዘረመሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆኖ ስለሚገኝ ለውጡ እጅግ ፈጣን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት በተመረመሩ ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ዘረመል ብዜት ያላቸው መሆኑን አሳይቷል። ይህ አኃዝ በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ከሚታየው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ለአንዲት ታካሚ ምንም ያልጠቀመው ኮዴይን፣ ከአጠገቧ ላለችው በተመሳሳይ መጠን ከባድ እንቅልፍና የአተነፋፈስ መዳከም ሊያመጣባት ይችላል። ከዚህ ቀደም ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ወይም ክኒን ወስዳ ያለ ልማዷ ያንቀላፋች፣ ያዞራት ወይም ያስታወካት ሴት ይህንን ለሐኪሟ መናገር አለባት። ጡት ለምታጠባ እናት ሁለቱም መድኃኒቶች አይመከሩም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በእናት ጡት ወተት አማካይነት በሕፃናት ላይ የአተነፋፈስ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል አሳስቧል።

ትራማዶል ከኦፒዮይድነቱ በተጨማሪ በሌላ መንገድም ስለሚሠራ ጥቅሙም ጉዳቱም የተለየ ነው። አተነፋፈስን የማዳከም ዝንባሌው ከሞርፊን ያነሰ ሲሆን፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ግን በብዛት ያስከትላል። የቀን ጣሪያው ለአዋቂ 400 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ መንዘፍዘፍ የማስከተል ዕድሉ ይጨምራል። የሚጥል ሕመም ላለባት፣ ወይም እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችን ለምትወስድ ሴት በልዩ ጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ፍሉኦክሰቲን ከዚህ በተጨማሪ የተጠቀሰውን ኢንዛይም ስለሚያግደው የትራማዶልንና የኮዴይንን የማስታገስ ኃይል ይቀንሳል። ትራማዶል እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት ሥር የሚውል ባይሆንም፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሸጥም ሊገዛም አይገባም። ያለ ሕክምና ምክንያት የሚወስዱት ሰዎች መኖራቸው የሚታወቅ ነው፤ በቤት ውስጥ የተቀመጠ የታካሚ ክኒን ለእንደዚህ ዓይነቱ አጠቃቀም በር እንዳይከፍት መጠንቀቅ ይገባል።

ኮዴይን ከፓራሲታሞል ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ክኒን መዘጋጀቱም አይዘነጋ። ይህንን የምትወስድ ታካሚ ለብቻው ፓራሲታሞል ከጨመረች፣ በቀን ሊታለፍ የማይገባው የ4 ግራም ገደብ ሳታውቀው ሊታለፍ ይችላል።

ፈንታኒልና ሌሎች

ፈንታኒል ኃይለኛ ነው፤ 100 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም የ1 ሚሊ ግራም አንድ አሥረኛ፣ በደም ሥር ከሚሰጥ 10 ሚሊ ግራም ሞርፊን ጋር ይቀራረባል። በደቂቃዎች ውስጥ ሠርቶ ቶሎ ስለሚያልፍ በዋናነት በቀዶ ሕክምና ክፍልና ከዚያ እንደወጡ በማገገሚያ ክፍል ያገለግላል። በኩላሊት ድክመት ጊዜ ከሞርፊን የተሻለ አማራጭ ነው። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፈንታኒል ግን ለቀዶ ሕክምና ሕመም አይሰጥም፤ ሥራ ለመጀመር ከ12 ሰዓት በላይ ስለሚወስድና ከተላጠም በኋላ ለሰዓታት ስለሚቆይ፣ ከቀን ወደ ቀን ለሚቀያየር ሕመም አይመችም። ለረጅም ጊዜ የካንሰር ሕመም ሲታዘዝ በተለጠፈበት ላይ የጋለ ውኃ መያዣ ማድረግ ወይም እሳት መሞቅ መድኃኒቱ በፍጥነት ወደ ደም እንዲገባ ስለሚያደርግ አደገኛ ነው።

በውጭ ሀገር የታከሙ ሴቶች ኦክሲኮዶን የተባለ ክኒን ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። ኦክሲኮዶን በአፍ ሲወሰድ ከሞርፊን በአንድ እጥፍ ተኩል ያህል ይበረታል፤ ስለሆነም ከሌላ ኦፒዮይድ ጋር ደርቦ ከመውሰድ በፊት መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

የሚሰጥበት መንገድ

መድኃኒቱ አንድ ሆኖ የሚሰጥበት መንገድ ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል። በጡንቻ የሚወጋ መርፌ መርፌው ራሱ ከማሳመሙ ሌላ፣ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት ከሰው ወደ ሰው ስለሚለያይ አንዷን ቶሎ ሲያሳርፍ ሌላዋን ያስጠብቃታል። በደም ሥር በትንሽ በትንሹ እየተሰጠ የሚስተካከለው የተሻለ ነው። መሣሪያው ባለባቸው ሆስፒታሎች ታካሚዋ ሕመም ሲሰማት ቁልፍ ተጭና የተወሰነ መጠን የምታገኝበት ፓምፕ ይገጠምላታል። መሣሪያው ከአንዱ መጠን በኋላ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ራሱን ስለሚቆልፍ ደጋግሞ መጫን ትርፍ አይሰጥም። እዚህ ላይ አስታማሚዎች አንድ ነገር በጥብቅ ሊያውቁ ይገባል፤ ቁልፉን መጫን ያለባት ታካሚዋ ብቻ ናት። የመሣሪያው ደኅንነት የተመሠረተው ያንቀላፋ ሰው ቁልፍ አይጫንም በሚለው ላይ ነው። ለእርሷ በማዘን ተኝታ ሳለ የሚጫንላት ሰው ይህንን መከላከያ ያፈርስባታል።

ሆድን በስፋት ለሚከፍት ቀዶ ሕክምና ኤፒዱራል፣ ማለትም ከጀርባ በኩል በህብለ ሰረሰር ሽፋን ዙሪያ በሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚሰጥ ማደንዘዣና ጥቂት ኦፒዮይድ፣ በተለይ በሚያስሉበትና በሚንቀሳቀሱበት ጊዜ የሚሰማን ሕመም በመቀነስ ይታወቃል። የደም ግፊት መውረድና የእግር መዛል ሊያስከትል ይችላል፤ ክትትል የሚያደርግ የሠለጠነ ባለሙያም ይፈልጋል። የደም መርጋትን ለመከላከል ሄፓሪንና መሰል መድኃኒቶች ከተሰጡ ቱቦው የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት በጥንቃቄ ይሰላል። ከዚህ የቀለለው መንገድ በወገብ በኩል አንድ ጊዜ በሚሰጥ ማደንዘዣ ውስጥ እጅግ ጥቂት ሞርፊን መጨመር ነው። ከ100 እስከ 150 ማይክሮ ግራም የሚሆን ሞርፊን እስከ አንድ ሙሉ ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ሊያስታግስ ይችላል፤ ቱቦም ፓምፕም አይጠይቅም። ማሳከክ የተለመደ ሲሆን፣ የአተነፋፈስ መዳከም ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ክትትል የግድ ነው። የቁስሉን ዙሪያ ወይም የሆድ ግድግዳን ነርቮች በማደንዘዝ የኦፒዮይድን ፍላጎት መቀነስም ይቻላል።

ታካሚዋ ከእነዚህ ውስጥ በምትታከምበት ሆስፒታል የትኞቹ እንደሚሰጡ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው የማደንዘዣ ምርመራ ወቅት መጠየቅ መብቷ ነው። በዚያው ጊዜ የኩላሊትና የጉበት ሕመም፣ የሚጥል ሕመም፣ ሲተኙ ትንፋሽ የሚያቋርጥ ማንኮራፋት፣ እንዲሁም የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ካሉ ማሳወቅ ይኖርባታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የአንዳንድ ኦፒዮይዶችን ኃይል ስለሚቀንስ ሊዘለል አይገባውም።

የጎንዮሽ ጉዳቶችና የአደጋ ምልክቶች

ማቅለሽለሽ፣ ማሳከክና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ይቀንሳሉ፤ የሚታከሙም ናቸው። የሆድ ድርቀት ግን መድኃኒቱ እስካለ ድረስ አይለቅም። ስለዚህ ኦፒዮይድ ከጥቂት ቀናት በላይ ሲታዘዝ እንደ ቢሳኮዲል ያለ የሆድ ማለስለሻ አብሮ መታዘዝ ይገባዋል። ካልታዘዘ ታካሚዋ ልትጠይቅ ይገባል። ውኃ በብዛት መጠጣትና መራመድ ይረዳል። በየቤቱ የተለመደው ተልባም ክፋት የለውም፤ አንጀቷ የተነካባት ወይም ገና ጋዝ ያልወጣላት ሴት ግን ሐኪሟ ምግብ ሳይፈቅድ ልትወስደው አይገባም።

አስታማሚ ሊያውቀው የሚገባው ትልቁ አደጋ የአተነፋፈስ መዳከም ነው። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቀድሞት የሚመጣው ከባድ እንቅልፍ ነው። ስትጠራ የማትነቃ ወይም ነቅታ ወዲያው የምትመለስ፣ በደቂቃ ከ10 ጊዜ ያነሰ የምትተነፍስ፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ፣ ከንፈሯ የጠቆረ ታካሚ አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልጋታል። በሆስፒታል ውስጥ ነርስ ወዲያው ይጠራል፤ ናሎክሶን በደቂቃዎች ውስጥ ሁኔታውን ሊቀይር ይችላል። «ዛሬ እንኳ እንቅልፍ ወሰዳት» ብሎ መተው የለበትም። ኦፒዮይድ ከጠጅ፣ ከአረቄ፣ ከቢራ ወይም እንደ ዳያዜፓም ካሉ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ጋር መቀላቀል ይህንን አደጋ በእጅጉ ያባብሰዋል።

የሱስ ሥጋት

ሞርፊንን የሚፈሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አንዳንዶች ሱስ ያስይዛል በሚል፣ ሌሎች ደግሞ «ሞርፊን የተጀመረለት ሰው አለቀለት ማለት ነው» በሚል እምነት መድኃኒቱ እንዳይሰጥ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው እምነት መሠረት የለውም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሞርፊን የሚሰጠው ቁስሉ ስለሚያም እንጂ ካንሰሩ ስለበረታ አይደለም። የመጀመሪያው ሥጋት ግን ሊናቅ አይገባውም። በሆስፒታል ክትትል ለጥቂት ቀናት ለሕመም የሚሰጥ ኦፒዮይድ ወደ ሱስ የሚያመራው ጥቂቶችን ነው። ሥጋቱ የሚጨምረው ቁስሉ ድኖ ሳለ ክኒኑ ሲቀጥል፣ ለእንቅልፍ ወይም ለጭንቀት መወሰድ ሲጀምር፣ ወይም ታካሚዋ ቀደም ሲል የአልኮል ወይም የሌላ ነገር ሱስ የነበረባት ሲሆን ነው። ሰውነት መድኃኒቱን መላመድና ሱስም አንድ አይደሉም። ለሳምንታት የወሰደች ሴት በድንገት ስታቆም ሊያልባት፣ ሊያስቀምጣትና ሊያቁነጠንጣት ይችላል፤ ይህ ቀስ በቀስ በመቀነስ የሚፈታ የሰውነት ምላሽ ነው። በጾም ወይም በጸበል ምክንያት መድኃኒቱን ለማቆም የምታስብ ታካሚም በድንገት ከማቋረጧ በፊት ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ምን ያህል ክኒን ይዞ መሄድ ይበቃል? በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ የሚገኘው የሮዝዌል ፓርክ የካንሰር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ጥናት ለዚህ ጥያቄ ጠቃሚ መልስ ይሰጣል። ማዕከሉ በማህፀንና ተያያዥ አካላት ቀዶ ሕክምና ላይ አዲስ አሠራር ከመጀመሩ በፊት፣ ሆዳቸው ተከፍቶ የታከሙ ሴቶች ሲወጡ በአማካይ 43.6 የኦፒዮይድ ክኒን ይሰጣቸው ነበር፤ ከአሠራሩ በኋላ 12.1 ሆነ። በካሜራ ለታከሙት ከ38.4 ወደ 1.3 ወረደ። ሕመማቸው አልጨመረም፤ ተጨማሪ መድኃኒት የጠየቁትም አልበዙም። ለአብዛኞቹ በሰዓቱ የሚወሰድ ፓራሲታሞልና ፀረ ብግነት መድኃኒት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ውጤት የተገኘው ግን ኦፒዮይድ እንደ ልብ በሚታዘዝበት ሀገር መሆኑ ሊታወስ ይገባል። በኢትዮጵያ ለብዙ ታካሚዎች ችግሩ የክኒን መብዛት ሳይሆን ጨርሶ አለማግኘት በመሆኑ፣ ጥናቱ ሞርፊንን ለሚያስፈልጋት ሴት ለመከልከል ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከቤት ርቃ ለምትኖር ታካሚ ጉዳዩ ተጨማሪ ዝግጅት ይጠይቃል። ሞርፊን የሚሰጠው ለናርኮቲክ መድኃኒቶች በተዘጋጀ ልዩ ማዘዣ ሲሆን፣ በየአካባቢው የመድኃኒት መደብር ላይገኝ ይችላል። ስለሆነም ከሆስፒታሉ ግቢ ከመውጣቷ በፊት ማዘዣውን እዚያው ማስሞላትና መድኃኒቱን ተረክቦ መሄድ ይመከራል። የሞርፊን ሽሮፕ ከታዘዘ የጥንካሬውን መጠን ማረጋገጥ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘና በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም የያዘ ዝግጅት መልካቸው ሊመሳሰል ይችላል፤ ልዩነታቸው ግን አሥር እጥፍ ነው። በማንኪያ መገመት አይቻልም፤ የሚለካው በመለኪያ ስሪንጅ ነው። በየ4 ሰዓቱ ለታዘዘላት ሴት ከጠዋቱ 12፣ ከረፋዱ 4፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 12 እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ለማስታወስ የሚቀሉ ሰዓቶች ናቸው፤ የሌሊቱን መጠን በተመለከተ የሐኪሙ መመሪያ ይጠየቃል። መኪና ማሽከርከርና ስለታማ መሣሪያ መጠቀም መድኃኒቱ እስካለ ድረስ አይገባም።

ወደ ዓረብ ሀገራት ለሥራ የምትመለስ ወይም የምትሄድ ሴት በሻንጣዋ የያዘችው የትራማዶል ክኒን ለእስር ሊዳርጋት እንደሚችል ማወቅ አለባት። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ትራማዶል ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ያለ ሕጋዊ ማዘዣና ያለ አስፈላጊው ፈቃድ ይዞ መግባት በወንጀል ያስጠይቃል።

ኦፒዮይዶች ሕፃናት በማይደርሱበት፣ በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ለአንዷ የታዘዘ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ሕመሙ አንድ ዓይነት ቢመስልም። የተረፈው መድኃኒት ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም፤ ወደ ሰጠው የሆስፒታል ፋርማሲ ይመለሳል። ሕመሙ መቀነስ ሲገባው እየጨመረ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ፈሳሽ ካመነጨ፣ ሽንት ካልወጣ ወይም አንድ እግር ለብቻው ካበጠ፣ ማስታገሻ መጨመር ምልክቱን ይሸፍነዋልና ወዲያው ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል። ለተጨማሪ መረጃ የጤና ሚኒስቴር ነጻ የስልክ መስመር 952፣ በመድኃኒት ምክንያት የደረሰ ጉዳትን ለማሳወቅ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482፣ ለአምቡላንስ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር 907 ያገለግላሉ።